ልጅ ካልመጣ ራት የለም

ከኮሌጁ ዋና በር ወጥቶ አጥሩን ይዞ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ቦታ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት አለ። ባለቤቷን ሰፈርተኛው «የኩርባዋ» ይላታል፤ ተማሪው ደግሞ «እትዬ»። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከሩቅ የሚመጡ ወላጆች የሚያድሩት እሷ ቤት ነው። አልጋው ጠባብ ነው፣ አንሶላው ግን ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የሦስተኛው ክፍል በር እጀታው ወደ ላይ ቀና ካላለ አይከፈትም። ሙቅ ውሃ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ጠዋት መታጠብ ያማረው ሰው ውሃ ተጥዶለት በባልዲ ይወስዳል። ይህን ሁሉ እንግዳው ገና ሻንጣውን ሳያወርድ ፊት ለፊት ትነግረዋለች። «ከተስማማህ ግባ፣ ካልተስማማህ ደህና ዋል» ትለዋለች። አብዛኛው ሰው ይገባል፤ ከማጀቱ የሚመጣው ሽታ እግር ያስራል።

ራት ላይ ግን ጠብ አለ። እሷ ቤት ያረፈ ወላጅ፣ ሊጠይቀው የመጣው ልጅ ገበታው ላይ ሳይቀመጥ ራት አይቀርብለትም። ቁርሱን ይብላ፣ ምሳውን ይብላ፣ ሻይ እንደልቡ ይጠጣ። ራት ግን ልጅ ካልመጣ የለም። ቢለምኗት አትሰማም፣ ቢቆጧት ይብስባታል። ተማሪዎቹ በስተኋላዋ «ራት ጠላፊዋ» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ ደስ ይላታል።

ይህን ደንብ ያወጣችው በአንዲት ልብስ ሰፊ ምክንያት ነው። ሴትየዋ ከሩቅ አገር ልጇን ልትጠይቅ መጥታ ሰነበተች። ልጁ በየማታው «ጥናት አለብኝ» እያለ ይልክባታል፣ እሷ ግድግዳ እያየች ብቻዋን ትበላለች። የመሄጃዋ ቀን ሻንጣዋን አንስታ፣ «ሕንጻዎቹን ደህና አድርጌ አየኋቸው፤ የልጄን ግን ጀርባውን ብቻ ነው ያየሁት» ብላ አለቀሰች። የኩርባዋ ያን ቀን ስትነድ ዋለች። ወላጅ የተማረ ልጁን ይፈራል፣ ልጅ ደግሞ በወላጁ ያፍራል፣ ሁለቱም ሥራ በዛብኝ እያሉ ይሸሻሻሉ፤ እሷም እንዲሸሹ ሾርባ እየቀዳች ታግዛቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። «ባንተ ምክንያት ጦሜን ላድር ነው» የሚል የአባት ስልክ የደረሰው ልጅ፣ ደብተሩን እንኳ ሳይከድን እየሮጠ ይመጣል። እየተነጫነጨ ይቀመጣል፣ ከዚያ አንዱ ሌላውን ጨው አቀብለኝ ይላል፣ ወሬው ከዚያ ይጀመራል።

እንዲህ እየኖረች ሳለ ኮሌጁ «የእንግዳ ጉዳይ» የሚባል ቢሮ ከፈተ። ኃላፊው ንጹሕ፣ ፈጣን፣ ከረባቱ አንገቱን እንደያዘው የሚኖር ሰው ነው። ዋናው በር ላይ ጥላ ያለው ጠረጴዛ አስቀመጠና የት ማረፍ፣ የት መብላት እንደሚገባ የሚናገር ወረቀት ለመጣው እንግዳ ሁሉ ማሳደል ጀመረ። ወረቀቱ ላይ የሚወጡት ተገምግመው ያለፉ ቤቶች ብቻ ናቸው። አገሩን የማያውቅ ሰው ደግሞ ምን ያድርግ፣ ወረቀት ላይ የሌለ ቤት ቤት አይመስለውም። የኩርባዋ ክፍሎች አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። እስከ ምረቃው ሳምንት ወረቀቱ ላይ ካልገባች ቤቱን ዘግታ ወንድሟ ዘንድ መግባቷ ነው፤ የወንድሟ ሚስት ደግሞ በድስት ክዳን አከፋፈት ሳይቀር አስተያየት ያላት ሴት ናት።

ያንን ወረቀት ጥላው ሥር ቆማ የምታድለው ማን መሰለቻችሁ? የገዛ ልጇ። አንድ ልጇ ናት። እዚያው ቤት ተወልዳ፣ ሳህን እያጠበች አድጋ፣ አጥሩን ተሻግራ ተምራ፣ እዚያው ኮሌጅ ተቀጠረች። በተቀጠረች ሰሞን ክፍል ተከራይታ ወጣች። እሁድ እሁድ ትመጣለች፣ ወንበር ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ጤንነት ትጠይቃለች፣ ግን ውሃ እንኳ አፏ አይገባም። «በልቻለሁ እማዬ» ነው መልሷ ሁልጊዜ። እናት መጀመሪያ ሥራ አድክሟት ይሆናል አለች። ወር ሲያልፍ አሟት ይሆን አለች። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ የምትለው አጣች። ልጄ ተማረችና ሳህኔን ተጸየፈች ብላ ደመደመች። ከባዶዎቹ ክፍሎች ሁሉ የበለጠ ያመማት ይሄ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም።

አንድ እሁድ ልጅቱ እንደ ልማዷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «እማዬ፣ ሐሙስ ገምጋሚ ይመጣል» አለች። «አንቺ ጋ ያድራል፣ ራት ይበላል፣ ጠዋት ይወስናል። ካለፍሽ ለምረቃው ወረቀቱ ላይ ትወጫለሽ።»

«ይምጣ። አልጋ እንደሆነ ሞልቷል።»

«አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ያንን ደንብሽን ለዚያች ማታ ተዪው። ሰውዬው እዚህ የሚማር ልጅ የለውም። ሲርበው አቅርቢለት፣ በቃ።»

«ልጅ ከሌለው ደንቡ ምን አገናኘው? እኔን ምን አድርገሽ ነው የምታስቢኝ?»

«እልኸኛ።»

«እሱስ አልተሳሳትሽም» አለች እናት። ጠረጴዛውን ያለ ነገሩ እየወለወለች፣ «አንቺስ አብረሽው ትበያለሽ?» አለቻት።

«አምጥቼ አስተዋውቀዋለሁ። እኔ አልበላም።»

«ማን ብዪ አለሽ» አለችና ጨርቁን ይዛ ወደ ማጀት ገባች።

ሐሙስ ደረሰ። የኩርባዋ ከጠዋት ጀምራ ጉድ ጉድ ስትል ዋለች። ዳቦ ጋገረች፣ የምስር ሾርባ ጣደች፣ የበሬ ሥጋ በድንችና በካሮት ቀስ ብሎ እንዲበስል በትንሽ እሳት ላይ ተወችው። ያን ዕለት ገምጋሚው ሳይቆጠር ቤቱ ውስጥ የነበረው አንድ እንግዳ ብቻ ነው፤ ጎማ የሚጠግን፣ እጁ ቢታጠብ ቢታጠብ የማይነጣ ጎሚስታ። ልጁን ሊጠይቅ መጥቶ ነው። የእሱ ልጅ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ ስለያዛት ሰውዬው ራት ክፍል ቁጭ ብሎ ስልኩንና የማጀቱን በር እያፈራረቀ ያያል።

«እትዬ፣ ዳቦ ብቻ እንኳ።»

«ዳቦም ራት ነው ወንድሜ። ደውልላት።»

«ደወልኩላት። የሆነ ነገር እያፈላሁ ነው፣ ብተወው ይበላሻል አለችኝ።»

«የኔም ነገር እሳት ላይ ነው በላት።»

ወዲያው የኩርባዋ ልጅ ገምጋሚውን ይዛ ገባች። ሰውዬው ቀጭን፣ ጨዋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ዕድሜውን በሆቴል ሥራ እንደጨረሰ ያስታውቃል። ፍራሹን ጫን ጫን አድርጎ አየ፣ አልጋው ሥር በስልኩ መብራት ተመለከተ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ዘጋ። የኩርባዋ እንደ ልማዷ የበሩንም የሙቅ ውሃውንም ጉድለት አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ልጅቱ ከኋላ ሆና ፊቷን ታጨማድዳለች። ሰውዬው ግን ፈገግ አለ። «ሌላ ቤት ጉድለቱን ፈልጌ ነው የማገኘው፤ እዚህ ተነግሮኝ አረፍኩ» አለ።

ነገሩ ሁሉ አማረ። ገምጋሚው ገበታው ላይ ተቀመጠ፣ ናፕኪኑን ዘረጋ፣ እጆቹን አፋተገ። ልጅቱ በሩ አጠገብ ቆማለች። የኩርባዋ ሾርባውን ቀድታ ከማጀት ብቅ ስትል ሰውዬው በደስታ ወሬ ጀመረ።

«እውነቱን ልንገርዎት እትዬ፣ ስመጣ ፈርቼ ነበር። የቢሮው ሠራተኛ የቤቱ ባለቤት ልጅ ናት ሲሉኝ፣ ይሄማ መጠቃቀም ነው ብዬ ነበር። ኃላፊው ነው ያረጋጋኝ። ልጅቱ ከዚህ ቤት ጋር ምንም ግንኙነት የለኝም፣ አልኖርበትም፣ አልበላበትም ብላ ቃሏን ሰጥታለች። ከተቀጠረች ጀምሮ አንድ ጉርሻ እዚህ እንዳልቀመሰች ጎረቤት ሳይቀር ተጠይቋል። ይህ ባይሆን ኖሮ ቤቱ ለግምገማም አይቀርብም ነበር።»

የኩርባዋ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ልጇን አየቻት። ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

«ምንም ግንኙነት የለኝም አልሽ?»

«እማዬ፣ አሁን አይሆንም። በኋላ አስረዳሻለሁ።»

«እዚህ ቤት ተወልደሽ፣ እዚህ አፍሽን ፈትተሽ፣ ግንኙነት የለኝም አልሽ?»

«ቤቱ እንዳይዘጋ ነዋ። ካልበላሁ ይገመገማል፣ ከበላሁ አይገመገምም አሉኝ። ምን ላድርግ? ላንቺ ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ እሺ ትዪኝ ነበር?»

አትላትም ነበር። ይህንን ሁለቱም ያውቁታል። የኩርባዋ ደስታና ንዴት አንድ ላይ መጡባት። ልጇ ሳህኗን አልተጸየፈችም፤ እሁድ እሁድ ሽታው አፍንጫዋ ሥር እያለፈ፣ ምራቋን እየዋጠች ነው «በልቻለሁ» ስትል የኖረችው። ይህን ስታስብ ልቧ ቀለጠ። ንዴቱ ግን ባሰ። እንግዳ ከልጁ ጋር የት ይብላ ብሎ ወረቀት የሚያድል ቢሮ፣ ወረቀት አዳዩዋን ከእናቷ ገበታ አስነስቶ ነው የሚያድለው። ልጇም ልጇ ናት፤ ሰው አብሮ እንዲቀመጥ የተከፈተ ቤት እንዳይዘጋ ብላ፣ እሷው ከቤቱ ሸሽታ ታድነዋለች።

ሳህኑን ይዛ ወደ ማጀት ተመለሰች። ሾርባው ወደ ድስቱ ሲገለበጥ ድምፁ ራት ክፍል ድረስ ተሰማ።

«ይቅርታዎን ጌታዬ» አለች ተመልሳ። «ራት ትንሽ ይቆያል።»

ገምጋሚው ግራ ገባው። «ምን ተፈጠረ?»

«እዚህ ቤት እንግዳ የመጣለት ሰው አብሮት ሳይቀመጥ ራት አይበላም። እርስዎን ማን አመጣዎት?»

«ኮሌጁ ነዋ።»

«ኮሌጁ እግር የለውም። በዚህ በር ይዛዎት የገባችው እሷ ናት። እሷ ካልተቀመጠች ሾርባው ከድስት አይወጣም።»

«እማዬ፣ እሱ ምን አደረገሽ?» አለች ልጅቱ።

«ምንም። እሱም ጥፋት የለበትም፣ ሾርባውም ጥፋት የለበትም።»

«ሁሉን ነገር ልታጠፊው ነው። ስንት ጊዜ ታግሼ፣ በአንድ ማታ።»

«ማጥፋቴን አውቃለሁ። አንቺ ከዚህ ገበታ ከጠፋሽ በኋላ የሚተርፈኝ ምንድነው? አልጋ? አልጋ የወንድሜም ቤት አለ።»

በዚህ መሀል የጎሚስታው ልጅ ነጭ ካፖርቷን ሳታወልቅ እያለከለከች ገባች። አባቷን ሳመችውና አጠገቡ ዘፍ አለች። የኩርባዋ ለነሱ ወዲያው አቀረበች፤ ሾርባ፣ ዳቦ፣ ሥጋው በድንች። አባትና ልጅ አቀርቅረው መብላት ጀመሩ። ገምጋሚው ባዶ ገበታውን ይዞ ያያቸዋል። ጎሚስታው አዘነለትና ጎንበስ ብሎ፣ «ይታገሡ ጌታዬ፣ እኔም ስታገሥ ነው ያመሸሁት። ያዋጣል» አለው።

ገምጋሚው በሩ አጠገብ ወደቆመችው ልጅ ዞረ። ቁጣ የለውም፣ እንደውም የሚያዝን ይመስላል። «እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው» አላት። «ብትበዪ በላች ብዬ እጽፋለሁ። ብትሄጂ ደግሞ እኔ ሳልበላ አድራለሁ፣ እናትሽም ራት ከለከሉኝ ብዬ እጽፋለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻልሽ አንቺ ታውቂያለሽ።»

የኩርባዋ ማጀት ገባች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ምድጃውን መወልወል ያዘች። ልጅቱ በሩን ከፍታ ብትወጣ ልትፈርድባት አትችልም። ሥራዋን ለማግኘት ምን ያህል እንደለፋች ታውቃለች። ወጥታ ብትሄድ ግን እንዴት ነገን እንደምታየው አላወቀችም፣ ፈራች። እልኸኛ ሰው አይፈራም የሚል ካለ እልኸኛ ሰው አያውቅም።

ወንበር ሲጎተት ሰማች።

«ካሮቱን አታብዢብኝ» አለች ልጅቱ።

የኩርባዋ ዞር ብላ አላየቻትም፤ ብታያት ታለቅሳለች፣ ማልቀስ ደግሞ እንግዳ ፊት አትወድም። ቀድታ፣ ካሮቱን አንድ በአንድ ለቅማ፣ መጀመሪያ ለልጇ ከዚያ ለገምጋሚው አቀረበች። ልጅቱ እንደ ሰው አልበላችም። ዳቦውን እየቆረሰች፣ መረቁን እያጠቀሰች፣ ቀና ሳትል ጨረሰችው። ገምጋሚው ሾርባውን አንዴ ቀመሰ፣ ደግሞ ቀመሰ።

«እንግዲህ ግንኙነት አላት ብዬ ልጽፍ ነው» አላት።

«ይጻፉ» አለች ልጅቱ አፏ እንደሞላ። «እናቴ ናት ብለው ይጻፉ። እዚህ እበላለሁ፣ ነገም እበላለሁ ብለው ይጻፉ።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሳህኑን ወደ የኩርባዋ ገፋ አድርጎ ይጨመርልኝ አለ።

እንደተባለውም ሆነ። ገምጋሚው ያየውን ጻፈ፣ አዲሱ ወረቀት ታተመ፣ የኩርባዋ ቤት አልወጣም። ኃላፊው ልጅቱን ቢሮው ጠርቶ ቃልሽን አጥፈሻል ብሎ ወረደባት፤ ሰው ስላነሰው ብቻ እስከ ምረቃው ጠረጴዛው ላይ እንድትቆይ ተዋት። ልጅቱ ግን ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ከሥራ ስትወጣ ቀጥታ ወደ ኩርባው ነው። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ከአንድ ድስት፣ ባዶ ቤት ውስጥ ይበላሉ። ስለ ወረቀቱ አያነሱም። ስለ ወንድምየው ሚስት ግን ያወራሉ፣ ይስቃሉ።

የምረቃው ዋዜማ ደረሰ። የኩርባዋ አንሶላውን ሁሉ ተኩሳ አልጋዎቹን አነጠፈች፣ አንድም ሰው ግን በሩን አላንኳኳም። ከላይ፣ ከዋናው በር በኩል፣ የመኪና ጡሩምባና የሰው ጫጫታ ይሰማል። ወላጅ ሁሉ መጥቷል። ቁጭ ብላ ስታዳምጥ ቆየችና ድንገት ብድግ አለች። ይሄማ አይሆንም። ወንድሟ ቤት መግባቷ ካልቀረ፣ በገዛ አፏ አንዴ ሳትጮህ አትገባም። ደህናውን ቀሚሷን ለበሰች፣ ጫማዋን አሰረች፣ አጥሩን ይዛ ዳገቱን ወጣች። ኃላፊው ፊት ቆማ፣ ቤት አለ፣ ራት አለ ብላ እንግዳውን ልትጠራ ነው።

«እትዬ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው» አላት ዘበኛው።

«መች ቆምኩ? እየሄድኩ እኮ ነው። ቀስ ብዬ።»

ዘበኛው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ፊቱን አዞረላት። በሩ ላይ ያለው ሕዝብ አይጣል ነው። ሻንጣ፣ ሕፃን፣ አበባ የያዘ፣ ልጁን በስልክ የሚጣራ። በጥላው ሥር ልጇ ወረቀት እያደለች ነው፤ ኃላፊው ከኋላዋ እጆቹን አጣምሮ ቆሟል። የኩርባዋ ትንፋሿን ሰብስባ አፏን ልትከፍት ስትል፣ ሰልፉ ፊት ላይ ትልልቅ ሻንጣ የያዙ ባልና ሚስት ወረቀቱን ተቀብለው ቆም አሉ። ሚስትየዋ ወረቀቱን አገላበጠችው።

«የኔ ልጅ» አለቻት ለልጅቱ፣ «እዚህ የተጻፈው ብዙ ነው፤ እኛ ለአገሩ እንግዳ ነን። አንቺስ የት ነው የምትበይው?»

ልጅቱ እናቷን አላየቻትም። ዞር ብላ ኃላፊውን አየችው። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ተመለሰች፤ ስትመልስ ግን ድምፁ የሰልፉ መጨረሻ ድረስ እንዲደርስ አድርጋ ነው።

«እናቴ ቤት ነው የምበላው። ይሄን አጥር ይዛችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ኩርባው ላይ ታገኙታላችሁ። አልጋም አለ። ግን ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ልጅ ራት አትሰጥም።»

ሰልፉ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። አንዱ ሽማግሌ «የት አለች? ኩርባው ላይ?» ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ።

ኃላፊው ጠጋ አለ። «አንቺ የምትናገሪው ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው።»

«ወረቀቱን ሰጥቻቸዋለሁ ጋሼ። እሳቸው የጠየቁኝ እኔ የት እንደምበላ ነው።»

«ነገ ቢሮ እንነጋገራለን።»

«እሺ። ከራት በፊት ከሆነ።»

ባልና ሚስቱ ሻንጣቸውን አነሡ። ከኋላቸው ሽማግሌው፣ ከሽማግሌው ኋላ ሁለት ሴቶች ከሰልፉ ወጥተው አጥሩን ይዘው ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ልትጮህ የመጣችው የኩርባዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ልጇን ሮጣ ልታቅፋት ፈለገች፣ እንባዋም መጣ፣ ግን ምድጃው ላይ ከውሃ በቀር ምንም እንዳልጣደች ትዝ አላት። ቀሚሷን ሰብስባ፣ በአቋራጩ፣ እንግዶቿን ለመቅደም ሮጠች።